ጎንበስ ብሎ ያጠጣኝ ጀሪካን

ሆዱ የሚጮህበትና ጩኸቱ ከየት እንደመጣ የጠፋው ሰው ካለ ይህን ይስማኝ። ሆዱ ደህና የሆነም ይስማኝ፤ የእኔም ደህና ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው የልጄ ሚስት ብርሃነሽ ናት። እሷ ለምን እንደምትጽፍ ቆይቶ ይገባችኋል፤ ይህ ነገር በወረቀት ላይ ሰፍሮ እንዲነበብ ከእሷ የበለጠ የቸኮለ ሰው በመላው ሶዶ አይገኝም።

ሕመሜን ከመናገሬ በፊት እግሬን ላስተዋውቃችሁ። በጉብዝናዬ ዝንጅብልና ቅቤ ነጋዴ ነበርኩ። አንድ ቀን ቦምቤ ገበያ፣ ሌላ ቀን ቤሌ፣ ከዚያ ደግሞ ቦዲቲ። አማርኛዬንም የለቀምኩት እዚያው ገበያ ላይ ነው፣ ከሥልጤ ነጋዴዎች ጋር በዋጋ ስከራከር። ጉልበቴ ሲደክም ንግዱን ተውኩ፤ እግሬ ግን መተዌን አልሰማም። ወንዱ ልጄ ማቴዎስ ሶዶ ነው ያለው፣ ሴቷ ልጄ አስቴር ቦዲቲ ናት። እኔ ሁለት ሳምንት እዚህ፣ ሁለት ሳምንት እዚያ ነኝ። ማቴዎስ “አዬ፣ ለመሆኑ ቤትሽ የት ነው?” ይለኛል። አዬ በወላይትኛ እናቴ ማለት ነው። እኔም “መንገዱ ላይ” እለዋለሁ።

ከማቴዎስ ቤት ተነስቼ የቦዲቲን መኪና ለመያዝ ዋናው መንገድ መውጣት አለብኝ። ዙሪያውን ከሄድኩ ሩቅ ነው። የልጅ ልጄ ምሕረት የምትማርበትን ትምህርት ቤት ካቋረጥኩ ግን ቅርብ ነው፤ በጓሮ አጥሩ ተከፍቷል፣ በፊት በር እወጣለሁ። ልጆቹ ክፍል ገብተው ግቢው ጸጥ ባለ ሰዓት ነው የማልፈው። አንድ ቀን እንዲሁ ሳልፍ ከአጥሩ ሥር አዲስ ቤት ተሠርቶ አየሁ። ትንሽ ናት፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች፣ እውነቱን ለመናገር ከማቴዎስ ቤት ታምራለች። የዘበኛው ቤት መሰለችኝ። በሰው ደጅ ሲያልፉ ዝም አይባልምና “ሰላም ዋላችሁ” አልኩ። ከውስጥ ሰው ሳለ። በሩን አልከፈተም፣ ብቻ ሳለ። ከዚያ ወዲያ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም እላለሁ፣ እሱም ብዙ ጊዜ ይስላል። ዓይን አፋር ዘበኛ ነው እያልኩ አዝንለት ነበር።

ከዚያች ቤት ፊት ለፊት በሁለት እንጨት መካከል ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ መሬት ላይ ከጀሪካኑ ጋር በገመድ የተያያዘ ቀጭን እንጨት አለ። እንጨቱን ረገጥ ሲያደርጉት ጀሪካኑ ጎንበስ ብሎ ውሃ ያፈሳል። እንዲህ ያለ ጨዋ ዕቃ በዕድሜዬ አላየሁም፤ ልጆቼ እንኳ እንደሱ ጎንበስ ብለው ሰላም ብለውኝ አያውቁም። በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፣ የወንጌል ቃል መሰለኝ። ከጎኑ ሳሙና በገመድ ተሰቅሏል፤ ሌባ እንዳይወስደው ነው፣ ብልሆች ናቸው አልኩ።

እኛ ድሮ ዝንጅብል ተሸክመን ስንሄድ በየመንገዱ ውሃ በእንስራ ከደጃቸው የሚያኖሩ ቤቶች ነበሩ። የማን ቤት ነው ብለሽ አትጠይቂም። ቅሉን አንስተሽ ትጠጫለሽ፣ መርቀሽ ትሄጃለሽ። ያ ደግ ልማድ ቀርቶ ውሃ በሃይላንድ የሚሸጥበት ዘመን መጣ ብዬ አዝን ነበር። እነሆ ልጆች መለሱት አልኩና እንጨቱን ረግጬ፣ በእጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ትንሽ የጭቃ ጣዕም አለው። የምንጭ ውሃ እንዲያ ነው። መርቄ ሄድኩ። ስመለስም እንደዚያው።

ሕመሙ የጀመረው በድምፅ ነው። ቦዲቲ ከገባሁ ሳምንት ቢሆነኝ ነው፣ እሁድ ቀን ከአስቴር ጋር ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠናል። ወንጌላዊው በዝምታ እንጸልይ አለ። ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ የእኔ ሆድ ብቻ ጮክ ብሎ ጸለየ። አጠገቤ ያለችው ሴት ከመቀመጫዋ ሥር ዶሮ ይዛ የገባች ሰው ካለ ብላ ጎንበስ ብላ አየች። ወዲያው አገሳኝ፣ ግሳቱም የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ሴትዮዋ መንፈስ የነካኝ መስሏት ትከሻዬን ዳበሰችኝ። ከዚያ ተቅማጡ መጣ። ስለሱ ብርሃነሽ አልጽፍም ብላለች፣ እኔም አላስገድዳትም። ከአስቴር ቤት እስከ ጓሮዋ ድረስ ያለውን መንገድ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፣ ያን ያህል ተመላልሼበታለሁ።

መጀመሪያ ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆልኝ ጠጣሁ፣ ተቀባሁም። ከዚያ ዝንጅብል ተፈላልኝ። ስንት ዘመን “ለሆድ መድኃኒት ነው” እያልኩ የሸጥኩት ዝንጅብል ለእኔ ሲሆን ዞር ብሎም አላየኝ። ገዢዎቼ ይቅር ይበሉኝ። ሶዶ ስመለስ ማቴዎስ መድኃኒት ቤት ወሰደኝ፤ ባለ መድኃኒቱ ሆዴን ሳይነካ “ጨጓራ ነው” አለና ነጭ፣ እንደ ኖራ የወፈረ ፈሳሽ ሰጠኝ፣ የሚያቃጥለውን ዳጣም ከለከለኝ። ቆጮ ያለ ዳጣ መብላት ማለት ለቅሶ ቤት ገብቶ አለማልቀስ ነው። እሺ ብዬ ተውኩ። ትንሽ ሲሻለኝ እግሬ በላኝ፣ ወደ ቦዲቲ ሄድኩ። በትምህርት ቤቱ በኩል። ዘበኛዬን ሰላም ብዬ፣ ጀሪካኔን ረግጬ።

ከሳምንት በኋላ እንደገና። አስቴር ደንግጣ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። እዚያ ደም ተወሰደና ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት ተባልኩ። አንዱን ለተራበ ሰው ብትሰጡት አልኩ፣ የሳቀ የለም። መርፌ ለሰባት ቀን ተወጋሁ። የማቴዎስና የአስቴር አንድ አንድ በግ ለእኔ መርፌ ሄዷል። ልብሴ ሰፋኝ፤ ቀሚሴ ወደፊት ሲሄድ እኔ ከውስጥ ቆሜ የምቀር ይመስለኝ ነበር።

ከሕመሙ የባሰው ግን የመጣው አሁን ነው። ከሶዶ ሄጄ ቦዲቲ ስደርስ እታመማለሁ፤ አስቴር “ከሶዶ ይዛው መጣች” አለች። ከቦዲቲ ተመልሼ ሶዶ ስቆይ እታመማለሁ፤ ብርሃነሽ “ከቦዲቲ ይዘውት መጡ” አለች። ሁለቱም እንደ እህትማማች ነበሩ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አቅፋ ያሳደገች ናት። አንድ ቀን አስቴር ልትጠይቀኝ ስትመጣ በፔርሙስ የራሷን ውሃ ይዛልኝ መጣች። ብርሃነሽ ፔርሙሱን አየችው። ማቴዎስ ነው ያልታደለው፤ እንዲያው ለመናገር ያህል እናታችንን ምን ነካት አለ። አስቴርም “ከየት እንደያዛት የዚህን ቤት ሰሐኖች ጠይቃቸው” ብላ ወጣች።

ብርሃነሽ ይህቺን ቃል አንድም ሳላስቀር እጽፋታለሁ እያለች ነው። እውነቷን ነው። ለሴት ልጅ ሰሐንሽ ቆሻሻ ነው ከመባል በጥፊ መመታት ይሻላታል። በዚያ ሰሞን ውሃውን ሁለት ጊዜ ታፈላው ጀመር። ሰሐኑን አጥባ ታደርቃለች፣ ደርቆ ደግሞ ታጥበዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ሰሐን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየኋት። እንዳላየሁ ሆኜ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። መሞት አይደለም ያስፈራኝ፣ እኔ እኮ የሞት ዕድሜዬን አልፌ ነው የምሄደው። እኔ ስሞት ልጆቼ በእኔ ሆድ ምክንያት ተቀያይመው፣ አንዱ በሬሳዬ ቀኝ ሌላው በግራ ቆመው እንዳይቀሩ ነው።

በመጨረሻ ማቴዎስ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጠዋት ጀምረን ተራ ጠበቅን። ሰው ሁሉ የየራሱን ሕመም ታቅፎ ተቀምጧል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሁሉም አንገት ይዞራል። ተራዬ ሲደርስ የላብራቶሪው ልጅ የቅመም ብልቃጥ የምታክል ኩባያ ሰጠኝና “እማማ፣ ትንሽ ሰገራ ያምጡ” አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ሌት ከቀን አላስቀምጥ ያለኝ ሆድ በዚያች ጠዋት ጨዋ ሆነ። ሄጄ ተመለስኩ፣ ሄጄ ተመለስኩ፣ ምንም። ኩባያዋን በነጠላዬ ሸፍኜ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከቦምቤ የመጣች፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች። ነገሩ ገባትና በጆሮዬ “እናቴ፣ ካሰቡት አይመጣም፣ ይሳቁ” አለችኝ። ስለ አማቷና ስለ አንድ ተዋጊ አውራ ዶሮ የሆነ ነገር አወራችኝ፤ እሱን ብርሃነሽ በፍጹም አልጽፍም ብላለች። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ኩባያዬን ይዤ ሮጥኩ። ያችን ሴት እግዚአብሔር ይባርካት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ውጤቱን ያየችልኝ ወጣት ሐኪም ናት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። “ጃርዲያ ይባላል እማማ። በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። ከሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ከውሃው ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ሆድ ይሄዳል” አለችኝ። “እንግዲያው እሱም እንደ እኔ መንገደኛ ነው” አልኳት። ሳቀችና ቤት ውስጥ የምትጠጡት ውሃ ይፈላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በልጄ ቤት ሁለት ጊዜ፣ በሴቷ ልጄ ቤት ደግሞ ሦስት ጊዜ ይፈላል አልኳት፤ እልህ ተጋብተው ነበርና እውነቴን ነው። ከቤት ውጭስ ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

መድኃኒቱ ምላስ ላይ ብረት ብረት ይላል፣ ግን ሠራ። ማቴዎስም ፈረደ። ከእንግዲህ አዬ ከዚህ ግቢ አትወጣም፣ ቦዲቲ የሚባል ነገር የለም አለ። እኔ በተቀመጥኩ ቁጥር ዳንኩ። አንድ ወር ሆዴ ዝም አለ። ይኸውና ፍርዱ ትክክል ሆነ፤ ብርሃነሽ ነጻ ወጣች፣ የቦዲቲዋ ልጄ ጥፋተኛ ሆነች። አስቴር ስልክ ብትደውል ለእኔ ብቻ ትደውላለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል። እኔ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ባጃጅ እቆጥራለሁ። ሆዴ ድኖ እግሬ ታመመ፤ ለዚህኛው ላብራቶሪ የለም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ምሕረት ከትምህርት ቤት መጥታ ወላጆች ተጠርተዋል አለች። ስድስተኛ ክፍል ናት፣ የንጽሕና ክበብ አባል ናት፣ ልጆቹ የተማሩትን ለወላጅ ያሳያሉ። አክስቷንም በስልክ ጠርታታለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ። ሄድን። ብርሃነሽ በአንድ በኩል፣ አስቴር በሌላ በኩል፣ ማቴዎስ በመካከላቸው እንደ አጥር ተቀመጠ።

ልጆቹ ስለ እጅ መታጠብ ዘመሩ፣ ድራማም ሠሩ። ስንት ዘመን እጅ ስታጠብ ለኖርኩ ሰው ምን ያስተምራሉ እያልኩ በፈገግታ አያለሁ። ከዚያ የክበቡ መምህር፣ መምህር ዳዊት ይባላል፣ ረዘም ያለ ልጅ ነው፣ ሁላችንንም ወደ አጥሩ ወሰደን። ወደ ጀሪካኔ። ከእናቶች አንዷ ወጥተው አጠቃቀሙን ያሳዩን ሲል ምሕረት “አያቴ ታሳይ” አለች። እኔም ኮራሁ። እዚህ ግቢ ውስጥ ማንም ሳያሳየኝ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ነጠላዬን አጣፋሁ። እንጨቱን ረገጥኩ። ጀሪካኑ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩና ሦስት ጊዜ ጠጣሁ። አፌን ጠርጌ ወደ ሰዉ ዞርኩና፣ ለመንገደኛ የምታስቡ ልጆች ውሃችሁ አይንጠፍ፣ ያደረጋችሁልኝ አይጥፋባችሁ ብዬ መረቅሁ።

አሜን ያለ የለም። ከፊት የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ለጓደኛዋ “ጠጣችው” አለች።

ምሕረት ወደ እኔ ቀረበች፣ ከንፈሯ ደርቋል። “አዬ፣ ስንት ጊዜ ነው ከዚህ የጠጣሽው?”

“ሁልጊዜ ነዋ። ስሄድም ስመለስም።”

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ብርሃነሽ ናት። አለቀስኩ እንጂ አልሳቅሁም ብላ አሁን ትከራከራለች፤ እኔ የሰማሁትን አውቃለሁ።

መምህሩ አክብሮኝ፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ። የግቢው ቧንቧ ከደረቀ ቆይቷል። እያንዳንዱ ተማሪ ጠዋት ሲመጣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዞ እየመጣ ጀሪካኑ ውስጥ ይጨምራል፤ አንዱ ከወንዝ፣ አንዱ ከኩሬ፣ አንዱ ከጣሪያ ያጠራቀመውን። ለእጅ ከሳሙና ጋር ይበቃል፣ ለአፍ ግን አይሆንም። ቀዩም ጽሑፍ “ለእጅ መታጠቢያ ብቻ፣ አይጠጣም” ነው የሚለው። እንግዲህ አስቡት፣ እኔ የሰፈሩን ኩሬ ሁሉ አንድ በአንድ ቀምሻለሁ። ጃርዲያው ከማን ኩሬ እንደመጣ እሱ ብቻ ያውቃል።

“ታዲያ ውሃው ለምን ከዘበኛው ቤት ፊት ተሰቀለ?” አልኩት።

“የቱ ዘበኛ?”

ሰማያዊዋን ቤት አሳየሁት። ሽንት ቤት ናት አለኝ፤ ከዚያ ወጥተው እንዲታጠቡ ነው ፊት ለፊት የሰቀልነው አለ። እኔም ሳላስበው “እንግዲያው ሰላም ስለው የሚስልልኝ ማን ነው?” አልኩ።

ይህን ጊዜ ግቢው ፈረሰ። ወላጅ ከወላጅ ላይ ወደቀ። ማቴዎስ፣ እናቱ ከሞተች ሊያለቅስ ያዘጋጀውን ፊት ይዞ ይስቃል። መምህር ዳዊት ብቻ አልሳቀም። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና ጉሮሮውን ጠረገ። ሳሉን ወዲያው አወቅሁት።

ሳቁ ጋብ ሲል አፈርኩ፤ አልዋሽም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ቀና ስል ግን አስቴር ከወንድሟ ፊት አልፋ ብርሃነሽ ጋር ደርሳለች። ቆመች። “ሰሐኖችሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ” አለቻት።

ብርሃነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። “ራስሽ መጥተሽ ጠይቂያቸው። ምሳ አለ።”

ያን ቀን በአንድ ገበታ በላን። አስቴር እያንዳንዱን ሰሐን አንስታ ይቅርታ አድርግልኝ እያለች በሳቅ ትገድለናለች፣ ብርሃነሽ ይህኛው ገና አልበረደለትም ትላለች። ዳጣም ቀረበልኝ። ብረት ብረት የሚለውን መድኃኒት እንደገና ዋጥኩ፤ በወላጆች ፊት ለጠጣሁት ለሦስቱ ጉንጭ። ማቴዎስ ፍርዱን አነሳ። የትም ብሄድ የፈላ ውሃ በሃይላንድ ይዤ እንድሄድ ብቻ አዘዘኝ። ይኸው በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እዞራለሁ።

መምህሩ ግን በሳምንቱ ቤት ድረስ መጣ። ልጆቹን አስተምረናል፣ ግቢውን የሚያቋርጠውን መንገደኛ ግን ማንም አላስተማረውም አለ። ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች ብዙዎቹ በዚያው ያልፋሉ፣ ብዙዎቹም እንደ እኔ አያነቡም። ምን እናድርግ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፣ እኔን ያልተማርኩትን። ጽሑፍ የማያውቅ ሰው ሥዕል ያውቃል አልኩት።

ሥዕሉን ምሕረት ሳለችው። ጀሪካኑ በላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ከዘራ የያዘች፣ ነጠላ የለበሰች አሮጊት አፏን ከፍታ ትጠጣለች፣ በላይዋ ላይ ትልቅ ቀይ ጭረት ተጋድሟል። እኔ ነኝ። አፍንጫዬን አብዝታዋለች እንጂ ሌላው ልክ ነው። ከጎን ደግሞ ያችው አሮጊት እጇን በሳሙና ታጥባ ትስቃለች።

እናንተም በመንገዳችሁ የሚያምር ውሃ ስታዩ ከመመረቃችሁ በፊት ጠይቁ። ሐኪም ስለ ውሃ ሲጠይቃችሁም ከቤት ውጭ የጠጣችሁትን ሳትጠየቁ ንገሩ። እኔ አሁንም በዚያ ግቢ አልፋለሁ። ሰማያዊዋን ቤት ሰላም ማለት ትቻለሁ፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ከጀሪካኑ አጠገብ ግን ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች ቆመው ሥዕሉን ሲያዩ፣ ከዚያ ደግሞ እኔን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ባለፈው አንዷ ከዘራዬን አይታ፣ ነጠላዬን አይታ፣ በሐዘን ድምፅ ጠየቀችኝ።

“እናቴ፣ ምን አድርገሽ ነው በቀይ የሰረዙሽ?”

“ጠጥቼ ነው” አልኳት። “ቅርጫትሽን አውርጂና ተቀመጪ።”